የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ እንግሊዝ መኖር፦ የባልና ሚስት ደሞዝ፣ ፈቃድና ቅዳሜ እሁድ

ከአሜሪካ ተነስተው ለሥራ እንግሊዝ የሚገቡ ባልና ሚስት ቋንቋው ስለማይቸግራቸው ኑሮውም የማይቸግራቸው ይመስላቸዋል። ቤት ይከራያሉ፣ ሥራ ይጀምራሉ፣ ሰፈሩንም ቶሎ ይለምዱታል። ችግሩ ብቅ የሚለው ዘግየት ብሎ ነው። ደሞዝ ሲመጣ ያልጠበቁት ገንዘብ ተቆርጦ ያገኙታል፤ ዓመት ሲዞር አሜሪካ አሁንም የግብር መግለጫ እንደምትጠብቅባቸው ይሰማሉ፤ በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ የሚነዱበት ጊዜም ሳያስቡት ያልፋል። ከኢትዮጵያ ሄደው የአሜሪካ ዜግነት ያገኙና በኋላ ወደ ለንደን ወይም ማንቸስተር የተዛወሩ ቤተሰቦችም የሚተዳደሩት በዚሁ ሕግ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ የግብሩ ግዴታ ከዜጋው እኩል አለበት፤ በዚያ ላይ ከአሜሪካ ውጭ በቆየ ቁጥር ካርዱን ራሱን ሊያጣው ይችላል።

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ደሞዝ

በእንግሊዝ ደሞዝ በብዛት የሚከፈለው በወር አንዴ ነው። በየሁለት ሳምንቱ መቀበል ለለመደ ሰው የመጀመሪያው ወር ረጅም ስለሆነ፣ ቢያንስ የስድስት ሳምንት ወጪ ይዞ መምጣት ይሻላል። ግብሩን ቀጣሪው ከደሞዙ ቆርጦ ኤችኤምአርሲ ለሚባለው የገቢ መሥሪያ ቤት ያስገባል። ምን ያህል እንደሚቆርጥ የሚነግረው በደሞዝ ወረቀቱ ላይ የሚታየው የግብር ኮድ ነው። የብዙ ሰው ኮድ 1257ኤል ነው፤ ትርጉሙም በዓመት 12,570 ፓውንድ ከግብር ነፃ ነው ማለት ነው። የግብር ዓመቱ ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ይሄዳል።

በ2025/26 የግብር ዓመት በዓመት 42,000 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው እንውሰድ። በወር 3,500 ይሆናል። በወር 1,047.50 ፓውንድ ነፃ ስለሆነ በቀሪው 2,452.50 ላይ 20 በመቶ ግብር፣ ማለትም 490.50 ይቆረጣል። ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባለው መዋጮ በዚያው ቀሪ ላይ 8 በመቶ ነው፤ 196.20 ፓውንድ። የጡረታ መዋጮው ሳይነሳ በእጅ የሚገባው 2,813.30 ነው። ዓመታዊ ገቢው 50,270 ሲያልፍ በትርፉ ላይ ግብሩ 40 በመቶ ይሆናል፣ ናሽናል ኢንሹራንሱ ግን ወደ 2 በመቶ ይወርዳል።

ብዙ አዲስ ገቢዎች ገንዘባቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ሥራ የጀመረ ሰው ከቀድሞ የእንግሊዝ ቀጣሪው ፒ45 የሚባል ወረቀት ከሌለው፣ ለአዲስ ሠራተኛ የተዘጋጀ አጭር ቅጽ ይሰጠዋል። በቅጹ ላይ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚሉ ሦስት ምርጫዎች አሉ። ከአሜሪካ መጥቶ በዚያ የግብር ዓመት በእንግሊዝ ሌላ ሥራም ጡረታም ያልነበረው ሰው የሚመርጠው ኤን ነው። ኤን ሲመርጥ ካለፉት ወራት ያልተጠቀመበት ነፃ ገንዘብ ይያዝለታል። ለምሳሌ በኦክቶበር ሥራ ጀምሮ በወሩ መጨረሻ የተከፈለው ሰው በግብር ዓመቱ ሰባተኛ ወር ላይ ነው፤ የተጠራቀመለት ነፃ መጠን 7,332.50 ፓውንድ ነው። ያገኘው 3,500 ብቻ ስለሆነ በኦክቶበር ምንም ግብር አይቆረጥበትም። በኖቬምበርም እንደዚሁ። በዲሴምበር ድምሩ 10,500 ሲደርስ ነፃው 9,427.50 ስለሆነ የሚቆረጠው 214.50 ብቻ ነው። ያው ሰው ቢን መርጦ ቢሆን ኮዱ ከኋላው ኤም1 የሚል ምልክት ይለጠፍበትና ካለፈው ወር ጋር ሳይደመር በየወሩ 490.50 ይቆረጥበታል። ቅጹን ጭራሽ ካልሞላ ደግሞ 0ቲ የሚባለው ኮድ ይሰጠዋል፤ ነፃ ገንዘብ የለውም ማለት ነው። ገንዘቡ ጠፍቶ አይቀርም፣ ኤችኤምአርሲ ኮዱን ሲያስተካክል በደሞዙ በኩል ይመለሳል። ግን ለቤት ኪራይ መያዣ ከፍሎ፣ አልጋና ድስት ገዝቶ ኪሱ በሳሳበት ወር በየወሩ 500 ፓውንድ መጉደሉ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው የደሞዝ ወረቀት እንደመጣ ኮዱን ማየት፣ ኤም1 ወይም 0ቲ የሚል ካለ ወዲያው መደወል ያስፈልጋል።

ሌላም ልዩነት አለ። አሜሪካ ባልና ሚስትን በአንድ መግለጫ ትቀበላለች፤ እንግሊዝ ግን ግብር የምታሰላው ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ነው። ሚስት 70,000 ብታገኝና ባል ቤት ቢውል የእሱ 12,570 ነፃ ገንዘብ ለእሷ አይተላለፍም። ለባለትዳሮች የተፈቀደው ትንሽ ማስተላለፊያ 1,260 ፓውንድ ብቻ ነው፤ የሚያስቀረውም ግብር በዓመት 252 ፓውንድ ነው። እሱም የሚሠራው ተቀባዩ በ20 በመቶው እርከን ላይ ካለ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱም ቢሠሩ የተሻለ ይሆናል። በሥራ ቪዛ የመጣ ሰው የትዳር ጓደኛ ደግሞ ከስፖርተኝነትና ከስፖርት አሰልጣኝነት በቀር የፈለገውን ሥራ መሥራት ይችላል፤ ስፖንሰር አያስፈልገውም። ዋናው ሠራተኛ ግን ሥራውን ከለቀቀ ወይም ከተሰናበተ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ነው ያለው፤ ቪዛው የሚያጥረው የሁለቱም ስለሆነ ሥራ ለመቀየር ሲታሰብ አብሮ መመካከር ግድ ነው።

ጡረታው እንዲህ ነው። ዕድሜው 22 የሞላና ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ሠራተኛ ሳይጠየቅ ይመዘገባል። ዝቅተኛው መዋጮ በድምር 8 በመቶ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 3 በመቶው ከቀጣሪው ኪስ ነው የሚወጣው። በአንድ ወር ውስጥ አልፈልግም ማለት ይቻላል፣ ግን የቀጣሪውን ድርሻ መጣል ስለሆነ አንመክረውም።

የጤናው ጉዳይ ለአሜሪካዊ እፎይታ ነው። ኢንሹራንሱ ከሥራ ጋር የተሳሰረ ስላልሆነ ሥራ መልቀቅ ሐኪም ማጣት አይደለም። ለቪዛው ሲያመለክቱ ለእያንዳንዱ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ አስቀድመው ከፍለውበታል። ሳይታመሙ፣ አድራሻ እንዳገኙ በሰፈሩ የሐኪም ክሊኒክ መመዝገብ ነው።

አሜሪካ ግብሯን አትረሳም

በዜግነት ምክንያት ግብር የሚያስከፍሉ አገሮች በጣም ጥቂት ናቸው፤ አሜሪካና ጎረቤታችን ኤርትራ ይጠቀሳሉ። አሜሪካዊው የትም ቢኖር ፎርም 1040 የሚባለውን የግብር መግለጫ በየዓመቱ ያስገባል። ውጭ አገር የሚኖር ሰው ከኤፕሪል 15 ወደ ጁን 15 በራሱ ይራዘምለታል፤ ቢጠይቅ እስከ ኦክቶበር 15 ይሰጠዋል። የሚከፈል ዕዳ ካለ ግን ወለዱ መቁጠር የሚጀምረው ከኤፕሪል 15 ነው።

ሁለት ጊዜ ላለመክፈል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በፎርም 2555 የሥራ ገቢን ከስሌቱ ማስወጣት ነው፤ ለ2025 ጣሪያው በአንድ ሰው 130,000 ዶላር ነው። ሁለተኛው በፎርም 1116 ለእንግሊዝ የከፈሉትን ግብር ከአሜሪካው ላይ ማቀናነስ ነው። ብዙ ሰው ቀላል ስለሚመስለው ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። በእንግሊዝ ለሚኖር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ይበልጣል፤ የእንግሊዝ ግብር ከፍ ስለሚል የአሜሪካውን ይሸፍነውና የተረፈው ማቀናነሻ ለ10 ዓመት ወደፊት ይተላለፋል። በ2555 ሁሉንም ገቢ ያስወጣ ሰው ደግሞ ለአሜሪካ የጡረታ ቁጠባ አይአርኤ ማስገባት አይችልም፤ ልጆች ካሉትም ለልጅ የሚመለሰውን ገንዘብ ያጣል። አንዴ 2555ን መርጦ ከተወው ደግሞ ያለ ፈቃድ ለ5 ዓመት አይመለስበትም።

እዚህ ላይ የሚያደናግረው የዓመቱ አቆጣጠር ነው። ቀጣሪው በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠው ፒ60 የሚባለው የደሞዝና የግብር ማጠቃለያ ከኤፕሪል እስከ ኤፕሪል ያለውን ነው የሚያሳየው፤ አይአርኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ የገቢ መሥሪያ ቤት፣ የሚፈልገው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለቱንም የደሞዝ ወረቀቶች ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሥራ የለቀቀ ሰው የቀድሞ ቀጣሪው የደሞዝ ድረ ገጽ ቶሎ ሊዘጋበት ስለሚችል ከመሄዱ በፊት ያውርዳቸው።

ከዚያ ኤፍባር አለ። ይህ ግብር ሳይሆን የባንክ ሂሳቦችን ማሳወቂያ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሂሳቦች ሁሉ ድምር በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ማስገባት ግዴታ ነው። አደማመሩ ሰውን ያሳስታል፤ የሚወሰደው የእያንዳንዱ ሂሳብ የዓመቱ ከፍተኛ መጠን ነው። 6,000 ፓውንድ ከተራው ሂሳብ ወደ ቁጠባ ሂሳብ ቢዛወር ገንዘቡ ያው አንድ ሆኖ ሳለ 12,000 ሆኖ ይቆጠራል። የጋራ ሂሳብ ካለ ደግሞ የሁለቱም ስም ላይ ይታያል። ሳያውቅ የቀረ ሰው ቅጣቱ በየሂሳቡ ሳይሆን በየዓመቱ ማሳወቂያ እንደሚሰላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ወስኗል፤ ቢሆንም ለአንድ ዓመት ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ለዓመታት ሳያስገባ የኖረና ሆን ብሎ ያላደረገው ሰው ግን የሚገባበት በር አለ፦ የ3 ዓመት የግብር መግለጫና የ6 ዓመት ኤፍባር አስገብቶ፣ ለምን እንደቀረ በፊርማው አስረድቶ ያለ ቅጣት ይስተካከላል። አይአርኤስ ቀድሞ ካገኘው ይህ በር ይዘጋል።

አይሳ፦ ጥሩ መስሎ የሚያስከፍለው ቁጠባ

ሥራ ቦታ ሻይ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባ በቅን ልቦና የሚሰጠው ምክር አለ፤ “አይሳ ክፈቱ፣ በዓመት እስከ 20,000 ፓውንድ ማስገባት ይቻላል፣ ትርፉ ግብር የለውም።” ለእንግሊዛዊው እውነት ነው። ለአሜሪካዊው ግን አይሳ የሚባለውን ነፃነት አይአርኤስ አያውቀውም። በአይሳው ውስጥ የተገዛው የእንግሊዝ ወይም የአውሮፓ ኢንዴክስ ፈንድ (የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ የያዘ ኢንቨስትመንት) ከሆነ ለውጭ አገር ፈንዶች በወጣው፣ ፒፊክ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ስር ይወድቃል። ፈንዱ ሲሸጥ ትርፉ በተያዘባቸው ዓመታት ላይ ይበተናል፤ ያለፉት ዓመታት ድርሻ በየዓመቱ ከፍተኛ የግብር መጠን፣ በአሁኑ ጊዜ 37 በመቶ፣ ይሰላና ዘግይቶ እንደተከፈለ ተቆጥሮ ወለድ ይጨመርበታል። ለእያንዳንዱ ፈንድ የየራሱ ፎርም 8621 ይሞላል። በአንድ አይሳ ውስጥ አምስት ፈንድ ያለው ሰው አምስት ፎርም አለበት፤ ባለሙያው ደግሞ በየፎርሙ ስለሚያስከፍል ከትርፉ በላይ ለሒሳብ ሠራተኛ የከፈሉ ጥቂት አይደሉም።

ገንዘብ ብቻ የሚቀመጥበት አይሳ ፒፊክ አይደለም፤ ወለዱን በ1040 ላይ ማሳወቅ ይበቃል። ነጠላ የኩባንያ አክሲዮንም እንዲሁ። ፕሪሚየም ቦንድ በሚባለው የመንግሥት የዕጣ ቁጠባ የወጣ ሽልማት በእንግሊዝ ከግብር ነፃ ሲሆን በአሜሪካ ግን ገቢ ነው። ከሁሉ የሚሻለው በሥራ ቦታ ጡረታ ላይ ማጠንከር ነው፤ በ2001 የተፈረመው የሁለቱ አገሮች የግብር ስምምነት በአብዛኛው ይጠብቀዋል። የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ሂሳብ ያለው ሰው ደግሞ ከመሄዱ በፊት ሂሳቡ ከእንግሊዝ አድራሻ ጋር ይቀጥል እንደሆነ ይጠይቅ፤ አንዳንዱ ድርጅት የውጭ አድራሻ ሲያይ ይዘጋል።

ፈቃዱ የሕግ ነው

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቀጣሪን አንድ ቀን እንኳ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጥ አያስገድድም። በእንግሊዝ በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ሰው በዓመት 28 ቀን በሕግ ያገኛል፤ ስምንቱ የሕዝብ በዓላት በውስጡ ሊቆጠሩ ይችላሉ። የሥራ ውል ላይ “25 ቀንና የሕዝብ በዓላት” የሚል ከተጻፈ 33 ነው፤ “28 በዓላትን ጨምሮ” ከሆነ ራሱ የሚመርጠው 20 ብቻ ነው። ውሉ ሲፈረም ይህችን ሐረግ ማንበብ ከደሞዙ ቁጥር ባልተናነሰ ያስፈልጋል።

አሜሪካዊያን ብዙ ጊዜ ፈቃዳቸውን ሳይወስዱ ያስቀምጣሉ፤ ታታሪ መባልን ስለሚሹ ወይም ስለሚፈሩ። በእንግሊዝ ግን ፈቃድ ያልወሰደ ሠራተኛ አለቃው ራሱ ይጠይቀዋል፤ ዓመቱ ካለቀ ቀኖቹ ሊቃጠሉበት ይችላሉ። ውሉ ሌላ ካላለ የማስታወቂያ ጊዜው ከፈቃዱ እጥፍ ነው፦ ለ5 ቀን ፈቃድ 10 ቀን ቀድሞ። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ከጁላይ ማብቂያ እስከ ሴፕቴምበር መግቢያ ያለው ጊዜ ልጆች ባሏቸው ባልደረቦች ቀድሞ ይያዛል። ስለዚህ ሁለቱም በየመሥሪያ ቤታቸው ቀኑን ያስፈቅዱ፤ የአውሮፕላን ትኬቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቀን የሚያበዛ አሠራር እነሆ። ከስቅለት ዓርብ በፊት ያሉትን 4 የሥራ ቀኖችና ከፋሲካ ሰኞ በኋላ ያሉትን 4 የወሰደ ሰው በ8 ቀን ፈቃድ 16 ቀን ያርፋል። ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ግን የእኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይለያል፤ በ2025 ሁለቱ በኤፕሪል 20 ገጥመው ነበር፣ በ2026 ደግሞ የእነሱ ኤፕሪል 5 የእኛ ኤፕሪል 12 ነው። ገናና ጥምቀትም ከራስ ፈቃድ ነው የሚወጡት። ለአሜሪካዊውም የምስጋና ቀን፣ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ፣ ተራ የሥራ ቀን ነው፤ እራቱን ወደ ቅዳሜ ማዛወር የተለመደ ነው።

መኪናው

የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እንግሊዝ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ይነዳል። ፈቃዱ በእንግሊዝ ፈቃድ አይቀየርም፤ ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ተፈትኖ ማለፍ ነው። ጊዜው አልፎ የነዳ ሰው ያለ መንጃ ፈቃድ እንደነዳ ይቆጠራል፣ ኢንሹራንሱም አብሮ ይወድቃል፣ መኪናውም ሊወሰድ ይችላል። የተግባር ፈተና ቀጠሮ በብዙ ቦታ ወራት ስለሚወስድ በስምንተኛው ወር መነሳት ዘግይቷል። የመማሪያ ፈቃዱን በኢንተርኔት በ34 ፓውንድ እንደመጡ ማውጣት፤ ከዚያ 50 ጥያቄ ያለውን የጽሑፍ ፈተና መፈተን፣ 43 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያው ቀጠሮ አደጋን ቀድሞ የማየት የቪዲዮ ፈተናም አለ፣ ከ75 ቢያንስ 44።

በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ፈቃዱ ለአውቶማቲክ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው በተግባር ፈተናው የሚወድቀው ባለማወቅ ሳይሆን በልማድ ነው፦ ቀይ መብራት ላይ መታጠፍ ጭራሽ አይፈቀድም፣ የማቆሚያ መስመር ላይ ጎማው ሙሉ በሙሉ ካልቆመ ጥፋት ነው፣ አደባባይ የሚዞረው ወደ ግራ ገብቶ በሰዓት አቅጣጫ ሲሆን ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው። መስታወት ማየቱም ፈታኙ እንዲታየው በግልጽ መሆን አለበት።

ቅዳሜና እሁድ

ለባልና ሚስት የሚሆን ቱ ቱጌዘር የሚባል የባቡር ካርድ አለ። በዓመት 35 ፓውንድ ነው፤ ስማቸውና ፎቷቸው ያለባቸው ሁለቱ አብረው ሲጓዙ ከትኬቱ ሲሶ ይቀንሳል። የ60 ፓውንድ ጉዞ ወደ 40 ስለሚወርድ በሁለተኛው ጉዞ ዋጋውን መልሷል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ3፡30 በፊት አይሠራም፤ አንዱ ብቻውን ከተሳፈረም አይጠቅምም።

እሁድ አስቤዛ ለመግዛት ማታ የወጣ ሰው በር ተዘግቶ ያገኛል። ከ280 ካሬ ሜትር የሚበልጡ ሱቆች እሁድ ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለ6 ሰዓት ብቻ ነው የሚከፍቱት። በገና ቀን ደግሞ ባቡር የለም፤ የሚሄዱበት ቤት ካለ በዋዜማው መድረስ ነው።

መጠጥ ቤት ገብቶ አስተናጋጅ መጠበቅ አያዋጣም፤ ባንኮኒው ጋ ሄዶ ማዘዝና እዚያው መክፈል ነው። ጉርሻ አይጠበቅም፤ አብረው የመጡ ሰዎች ግን በየተራ ለሁሉም ይገዛሉ፣ ተራውን የዘለለ ይታወቃል። የእንግሊዝ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፣ የአሜሪካው 473። የመጠጥ ገደቡ እንደ አብዛኛው የአሜሪካ ግዛት በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም ቢሆንም ብርጭቆው አንድ አምስተኛ ይበልጣል፤ እንደ አገሩ “ሁለት ብቻ” ብሎ መኪና መንዳት ሒሳቡ አይገጥምም።

ቀጥታ ስርጭት ቴሌቪዥን የሚያይ ወይም የቢቢሲን አይፕሌየር የሚጠቀም ቤት ፈቃድ ይከፍላል፤ በ2025/26 በዓመት 174.50 ፓውንድ ነበር። ኔትፍሊክስ ላይ ፊልም ብቻ ለሚያይ አያስፈልግም።

ሳይከፈልበት የሚገኘው ትልቁ መዝናኛ ግን የእግር መንገዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሰው እርሻ ላይ መራመድ ወንጀል ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝና በዌልስ ግን ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሕዝብ መንገድ በግል መሬት መሃል፣ በስንዴ ማሳና በበግ ግጦሽ ውስጥ ያልፋል፤ ባለመሬቱ ሊዘጋው አይችልም። አጥር ላይ የተመታ ቢጫ ቀስት ለእግረኛ ብቻ ነው፤ ሰማያዊው ለፈረስና ለብስክሌትም ይሆናል። ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያሳትመው ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ካርታ 4 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዶቹ በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ተስለዋል። አጭር አጭሩ የእግረኛ፣ ረዘም ያለው የፈረስ ነው።

ጊዜውን ለማስላት ከ1892 ጀምሮ የሚሠራበት የኔይስሚዝ ስሌት ይበቃል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሌላ አንድ ሰዓት። ጭቃ ሲኖር፣ ያለ ጭቃ የሚቀር ወር ደግሞ ጥቂት ነው፣ ሩብ መጨመር ይሻላል። ጥጃ ይዛ የቆመች ላም ካለች በእናትና በጥጃ መሃል አለማለፍ፣ ዞር ብሎ መሄድ ነው፤ ውሻ የያዘ ሰው ከብቶች ከመጡበት ማሰሪያውን ይልቀቅ፣ የሚያሳድዱት ውሻውን ነው። በር የተዘጋ ከሆነ ዘግቶ፣ የተከፈተ ከሆነ ከፍቶ መተው።

ብርሃኑም ከአሜሪካው ይለያል። ለንደን በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3፡20 ገደማ ስለሆነ ከሥራ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ተራምዶ እራት ይደረሳል። በዲሴምበር ግን ከቀኑ 9፡50 ገደማ ትጠልቃለች። በክረምት የ12 ኪሎ ሜትር መንገድ ያሰበ ሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሳያልፍ ይነሳ፣ የእጅ ባትሪም ይያዝ፤ የስልኩ መብራት ባትሪውን ሲጨርስ ካርታውንም አብሮ ያጠፋዋል።